እስትንፋስሽን አትያዢ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ዛሬ የምጽፍላችሁ እንደ ወትሮው ስለ ጾም ወይም ስለ በዓል አይደለም፤ ስለ አንዲት እኅታችንና በባሕር ውስጥ ስላገኘችው ዓሣ ነው። አንዳንዶቻችሁ «ቄሱ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ዋናተኛ ሆኑ?» ብላችሁ እንደምትስቁ አውቃለሁ። እኔስ የደጋ ሰው ነኝ፤ የቆሎ ተማሪ ሳለሁ በክረምት ወንዝ መሻገር እንኳ ጭንቄ ነበር። ነገር ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻው ታገሡኝ፤ ለብዙዎቻችሁ የሚሆን ነገር አለበት።

አንድ ቀን ከቅዳሴ በኋላ ጸበል ጻዲቅ ቀምሰን ሕዝቡ ሲበተን አንዲት እኅት ቀረብ ብላ መስቀል ተሳለመችና «አባቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ሰው ከባሕር በታች ወርዶ መጫወት ኃጢአት ይሆንበታል?» አለችኝ። «ከባሕር በታች ምን ልትሠሪ ወረድሽ ልጄ?» ብላት ሳቀችና «ሻርክ ላገኝ» ብላ ነገሩን ከመጀመሪያው ጀመረችልኝ። ይህ የተነገረኝ በንስሐ አይደለም። በንስሐ የተነገረ ቃል ከካህኑ ጋር ወደ መቃብር ይወርዳል እንጂ በመጽሔት አይወጣም። ይህን ግን እርስዋ ራስዋ «ስሜን ሳይጠሩ ይጻፉት፤ አንዲት እኅት እንኳ ብትጠቀም» ብላኛለች።

ይህች እኅት በዱባይ በአንድ ቤት ውስጥ 14 ዓመት ሠርታለች። ስትመጣ የቤቱ ትንሽ ልጅ የ2 ዓመት ሕፃን ነበረች፤ ዛሬ 16 ዓመት ሆኗታል። ልጅቱ ስኩባ የሚባለውን፣ የታመቀ አየር በሲሊንደር ተሸክሞ ከባሕር በታች የመዋኘት ትምህርት ተምራለች። ቤተሰቡ ለዕረፍት ወደ ፉጃይራ ሲሄድ «አንቺ ጫማዬን ማሰር አስተማርሽኝ፤ እኔ ደግሞ ባሕሩን ላሳይሽ» ብላ ለመነቻት። እናትዋም ፈቀደች፣ ገንዘቡንም ከፈለች። እንዲህ ያለ ቤትም እንዳለ መናገር ይገባል፤ ክፉውን ብቻ እያወራን መልካሙን እንዳንሰውር።

በፉጃይራ ጠረፍ አል ዓቃ በተባለው ሥፍራ፣ ከባሕሩ ዳር ጥቂት ራቅ ብላ ስኑፒ የሚሏት ትንሽ የድንጋይ ደሴት አለች። በዙሪያዋ ያለው ውኃ ጥልቀቱ አነስተኛ ስለ ሆነ ጀማሪዎች የሚለማመዱበት ነው። አስተማሪው ግብፃዊ ነበረ። ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጥቁር የላስቲክ ልብስ አለበሳትና የጆሮ ጌጥዋንና አምባርዋን እንድታወልቅ ነገራት፤ የሚያብረቀርቅ ነገር በውኃ ውስጥ የዓሣ ቅርፊት ስለሚመስል ነው። እርስዋም አወለቀች። ማዕተብዋን ግን «ይህስ ከአንገቴ አይወርድም» አለች። አስተማሪውም ትንሽዋን የብር መስቀል አይቶ «እንግዲያው ከልብሱ ውስጥ አግቢው» ብሎ ተዋት።

ከዚያ በኋላ ምልክት አስተማራት፤ በውኃ ውስጥ አፍ የአየሩን ቱቦ ነክሶ ስለሚይዝ ንግግር የለምና። አውራ ጣትን ወደ ላይ ማቆም እኛ ዘንድ «ጎበዝ» ማለት ነው፤ በባሕር ውስጥ ግን «ወደ ላይ እንውጣ» ማለት ነው። ደኅና ነኝ ለማለት አውራ ጣትንና ሌባ ጣትን አገናኝቶ ክብ መሥራት ነው። መዳፍን እንደ ሰይፍ አቁሞ ግንባር ላይ ማድረግ «ሻርክ አለ» ማለት ነው። ይህን የመጨረሻውን ሲያሳያት «ይህስ አያስፈልገኝም፤ እሱ ካለ እኔ የለሁም» ብላ አሳቀችው።

በመጨረሻም አስተማሪው ሳቁን ትቶ አንድ ትእዛዝ ሦስት ጊዜ ደጋገመላት። «ላ ተሕብሲ ነፈሲክ» አላት። አረብኛ የምታውቁ ወዲያው ትረዱታላችሁ፤ እስትንፋስሽን አትያዢ ማለት ነው። ነገር ግን ቃሉ ከዚህም ይጠልቃል። «ሐብስ» እስር ቤት መሆኑን በዚህ አገር የኖረ ሰው ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ አባባሉ በቀጥታ ሲፈታ «እስትንፋስሽን እስር ቤት አታግቢው» ይሆናል። ደግሞም አረቦች ነፈስ የሚሉት እኛ በግእዝ ነፍስ፣ ነፈሰ፣ እስትንፋስ ከምንለው ጋር አንድ ሥር ያለው ቃል ነው። በቅኔ ቤት ብሆን ኖሮ በዚህ አንድ ቃል ላይ ሙሉ ቀን በተቀመጥሁ ነበር።

6 ሜትር ያህል ወረዱ። አስተማሪው በአንድ በኩል፣ ልጅቱ በሌላ በኩል እጅዋን ይዘዋታል። «አባቴ፣ ጸጥታው እንደ ቤተ መቅደስ ነው፤ የራስን ትንፋሽ ብቻ ነው የሚሰሙት» አለችኝ። በባሕሩ ድንጋይ መካከል ቢጫና ሰማያዊ ዓሣዎች ሲመላለሱ አየች። እንዲህ ሳለች ልጅቱ መዳፍዋን አንሥታ ግንባርዋ ላይ አቆመች።

ከድንጋዩ ኋላ አንድ ክንድ ያህል የሚሆን ግራጫ ዓሣ ብቅ አለ። በጀርባው ላይ የቆመው ክንፍ ጫፉ በቀለም እንደ ተነከረ ጥቁር ነው። ትንሽ ቢሆንም መልኩ፣ አፉ፣ አካሄዱ ሁሉ በፊልም ያየችው ሻርክ ነው። «ልቤ ቆመ» አለችኝ። ትንፋሽዋን ያዘች፤ እግርዋ ሳታዝዘው ውኃውን እየመታ ወደ ላይ ይገፋት ጀመር። በዚህ ጊዜ አስተማሪው በደረትዋ ላይ ያለውን ማሰሪያ ጨብጦ ወደ ኋላ ሳባት። ዓሣውን ዘወር ብሎም አላየው፤ የሚያየው እርስዋን ነው። በሌላው እጁ ወደ ራሱ አፍ እያመለከተ የአየር አረፋ ለቀቀ። ተንፍሺ ማለቱ ነው።

«ያን ጊዜ በልቤ ኪርያላይሶን አልሁ፤ አንድ ጊዜ ባልሁ ቁጥር አንድ ጊዜ እተነፍሳለሁ። 12 ሳልሞላ ልቤ ተመለሰልኝ።» ቀና ብላ ስታይ ትንሹ ሻርክ አንድ ጊዜ ዞረ፤ ከአፍዋ የወጣው አረፋ ወደ እርሱ ሲጠጋ ደንግጦ እንደ ቀስት ተፈትልኮ ጠፋ። «ለካ ከእኔ ይልቅ የፈራው እሱ ነው» አለችኝ።

እኔም ነገሩ ደንቆኝ ስለዚህ ፍጥረት ጥቂት አነበብሁ፣ የሚያውቁትንም ጠየቅሁ። በዚያ ጥልቀት በሌለው ባሕር የሚገኘው፣ የክንፉ ጫፍ የጠቆረው ሻርክ ሲያድግ እንኳ ብዙውን ጊዜ ከ1 ሜትር ከ60 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። ሲወለድ ከ33 እስከ 52 ሳንቲ ሜትር ነው። እናቲቱ እንቁላል አትጥልም፤ ልጆችዋን በሆድዋ ተሸክማ ሕያዋን አድርጋ ትወልዳለች። ከወለደች በኋላ ግን አታጠባም፣ አትጠብቅም፤ ትታቸው ትሄዳለች። ሕፃኑ ሻርክ ከተወለደባት ሰዓት ጀምሮ ብቻውን ነው። ስለዚህ ትልልቅ ሻርኮችና ሌሎች ትልልቅ ዓሣዎች እንዳይበሉት እስኪጠነክር ድረስ ውኃው በሚያንስበት በባሕሩ ዳርቻ ይቆያል። እኅታችን ያገኘችው ይህን ነው፤ ከእናቱ ተለይቶ በሰው አገር የሚደበቅ ሕፃን።

ይህ ዓይነቱ ሻርክ ዓይነ አፋር ነው፤ ሰው ሲቀርበው ይሸሻል። በባሕር ውስጥ ሰውን የሚጎዱ ሻርኮች የሉም አልልም፤ አሉ። ነገር ግን የፍርሃታችን መጠንና የአደጋው መጠን አይመጣጠኑም። በአሜሪካ ፍሎሪዳ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የሻርክ ጥቃት መዝገብ እንደሚያሳየው እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ሁሉ ሳይነኳቸው ሻርክ የነከሳቸው 47 ሰዎች ናቸው፤ ከእነዚህም የሞቱት 4 ናቸው። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ ወደ 80 ሚሊዮን የሚጠጉ ሻርኮች በዓሣ ማጥመድ ምክንያት እንደ ሞቱ አጥኚዎች ገምተዋል። ማን ማንን መፍራት እንደሚገባው ፍረዱ።

አረቦች ሻርክን «ቂርሽ» ይሉታል። ይህም ቃል የገንዘብ ስም ነው፤ በአገራችንም አባቶቻችን ግርሽ እያሉ የሚገበያዩበት ሳንቲም ነበረ። አንዲት እኅት ይህን ስነግራት «አባቴ፣ እኛ ቂርሽ ፍለጋ መጥተን ቂርሽ የሚበላን እኮ ነን» ብላ አሳቀችኝ፤ ሳቁ ግን ከጉሮሮዬ አልወረደም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። አስተማሪው ዓሣውን ትቶ እርስዋን ያየው ለምንድር ነው? አደጋው ያለው በእርስዋ እስትንፋስ ውስጥ ስለ ነበረ ነው። ውኃ ይከብዳል። 10 ሜትር የወረደ ሰው ላይ ያለው ግፊት በምድር ላይ ካለው እጥፍ ነው። በዚያ ጥልቀት ከሲሊንደሩ የሳበው አየር ሳምባውን ሞልቶት ሳለ ትንፋሹን ይዞ ወደ ላይ ቢሮጥ፣ ግፊቱ እየቀለለ ስለሚሄድ አየሩ እየተነፋ እጥፍ ይሆናል። ሳምባ ደግሞ እንደ ፊኛ ነው፤ ከልኩ በላይ ሲነፋ ይቀደዳል። ይህ ከጥቂት ሜትር ጥልቀት እንኳ ሊደርስ ይችላል። እየተነፈሰ የሚወጣ ሰው ግን ትርፉ አየር በአፉ ስለሚወጣለት አይጎዳም። ስለዚህም የስኩባ የመጀመሪያው ሕግ ትንፋሽ አለመያዝ ሆነ። ሁለተኛውም ቀስ ብሎ መውጣት ነው፤ በደቂቃ ከ9 ሜትር ገደማ ሳይበልጥ፣ 5 ሜትር ሲቀር ደግሞ 3 ደቂቃ ያህል ቆሞ። ይህም የለስላሳ ጠርሙስ በድንገት ሲከፈት እንደሚገነፍል ሁሉ በደም ውስጥ የገባው አየር በድንገት አረፋ እንዳይሆን ነው።

እንግዲህ አስተውሉ። ያ ትንሽ ሻርክ እኅታችንን ሊገድላት አልቻለም። ሊገድላት የቻለው ከእርሱ ለመሸሽ የመረጠችው መንገድ ነበረ።

ሦስተኛውም ሕግ ብቻ አለመውረድ ነው። ይህ ሕግ ከስኩባ ይቀድማል። ስኩባ ዛሬ ባለው መልኩ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1943 በፈረንሳይ በዣክ ኩስቶና በኤሚል ጋኛን ነው። ከዚያ በፊት ግን በዚህ በምንኖርበት የባሕረ ሰላጤ አገር፣ ነዳጅ ሳይገኝ፣ ሰዎች የሚኖሩት ዕንቁ ከባሕር እያወጡ ነበር። ጠላቂው በበጋው ወራት አፍንጫውን በቀንድ ወይም በአጥንት መቆንጠጫ ዘግቶ፣ በእግሩ ድንጋይ አስሮ፣ ያለ ምንም አየር ይወርዳል። በጀልባው ላይ ደግሞ «ሰይብ» የሚባል ሰው ገመዱን ይዞ ይቆማል። ጠላቂው ገመዱን ሲነቀንቅ ሰይቡ ፈጥኖ ይስበዋል። ሰይቡ ካንቀላፋ ጠላቂው ሞተ ማለት ነው።

ከእነዚህ ጠላቂዎች ብዙዎቹ በባርነት ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ ነበሩ፤ ከሐበሻ ምድር ተፈንግለው የመጡም ነበሩባቸው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የጃፓን ሰው ሠራሽ እርባታ ዕንቁ ገበያውን እስኪሰብረውና በ1929 የጀመረው የዓለም የኢኮኖሚ ድቀት እስኪጨርሰው ድረስ ሥራው እንዲህ ኖረ። እኛ በቤተ ክርስቲያናችን ስለ ዕንቁ ባሕርይ ስንሰማ፣ ጌታም መንግሥተ ሰማያትን መልካም ዕንቁ ከሚሻ ነጋዴ ጋር ማነጻጸሩን ስናነብ፣ ያን ዕንቁ ከጥልቁ ያወጡት እጆች የማን እንደ ነበሩ ማሰብ ይገባናል። በዚህ ባሕር ዳር የተንከራተተ የእኛ ሰው እናንተ የመጀመሪያዎቹ አይደላችሁም።

መጽሐፍ ቅዱስም ስለ ባሕርና ስለ ዓሣ ሲናገር ያስደንቃል። በጾመ ነነዌ በየዓመቱ የምናስበው ዮናስ ከመርከብ በተጣለ ጊዜ የሚገድለው ውኃው ነበረ። ያን ትልቅ ዓሣ ያየ ሰው «አለቀለት» ይል ነበር፤ እግዚአብሔር ግን ያዳነው በዚያው ዓሣ ነው። ዮናስም በዓሣው ሆድ ውስጥ ሳለ የሠራው አንድ ሥራ ነው፤ ጸለየ። ቅዱስ ጴጥሮስም በባሕር ላይ ሲሄድ ነፋሱን አይቶ በፈራ ጊዜ መስጠም ጀመረ። ነገር ግን ብቻውን ወደ ታንኳይቱ አልሸሸም፤ አድነኝ ብሎ ጮኸ። ጌታም ወዲያው እጁን ዘርግቶ ያዘው። መጮኹ እንደ ነውር አልተቈጠረበትም።

እኅታችን እስከዚህ ከነገረችኝ በኋላ ዝም አለች። ከዚያም «አባቴ፣ ይህን ያመጣሁት ስለ ዓሣው አይደለም» አለችኝ።

ከፉጃይራ ከተመለሰች ጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በሌሊት፣ ስልክዋ ጮኸ። የደወለችው ከአገር ቤት ከመጣች ገና 3 ወር የሆናት፣ በቤተ ክርስቲያን አንድ ጊዜ ብቻ ያገኘቻት ልጅ ናት። በር ከውጭ ተቆልፎባታል፤ ደመወዝ አልተከፈላትም፤ ያን ቀንም ተመትታለች። ስልክዋን ደብቃ ይዛለች። «እኅቴ፣ አንሶላዎቹን ቋጥሬአለሁ፤ በበረንዳው ልወርድ ነው፤ እናቴ ብትጠይቅሽ ንገሪያት» አለች። ቤቱ 4ኛ ፎቅ ላይ ነው።

«ምን እንደምላት አላወቅሁም» አለችኝ እኅታችን። «አትውረጂ ብላት ዘጋችው ማለት ነው። ያ ግብፃዊ ፊቴ ላይ መጣብኝ። እኅቴ፣ መጀመሪያ አብረን እንተንፍስ አልኋት። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ኪርያላይሶን እያልን። ማልቀስ ጀመረች፤ ስታለቅስ ጊዜ እግዚአብሔር ይመስገን አልሁ፤ የሚያለቅስ ሰው ይተነፍሳል።» ከዚያም ወደ ልጅቱ ክፍል ሄዳ ቀሰቀሰቻት። ያቺ የ16 ዓመት ልጅ በራስዋ ስልክ 999 ደውላ በአረብኛ ለፖሊስ ነገረች፤ አድራሻውን ተቆልፎባት ያለችው ልጅ ከስልክዋ በላከችው የቦታ ምልክት አገኙት። እኅታችን ስልኩን ሳትዘጋ አንድ ሰዓት ሊሆን ጥቂት እስኪቀረው ድረስ አብራት ቆየች። በሩ ተከፈተ። ያቺ ልጅ ዛሬ በአገርዋ ከእናትዋ ጋር ናት።

ልጆቼ፣ ሁሉም እንዲህ አልተረፈም። በሊባኖስ ያሉትን እኅቶቻችንን በሚመለከት ሂውማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2008 ባወጣው መግለጫ፣ ከጥር 2007 ጀምሮ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ቢያንስ 95 የቤት ሠራተኞች በዚያ አገር መሞታቸውን ገልጾ ነበር። ከእነዚህ 40ዎቹ ኤምባሲዎቻቸው ራስን መግደል ብለው የመዘገቧቸው ናቸው፤ 24ቱ ደግሞ ከፎቅ ወድቀው የሞቱ ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ የወደቁት ከአሠሪ ለማምለጥ ሲሞክሩ ነው። ይህ ከሆነ ብዙ ዓመት አልፏል፤ ነገሩ ግን በዚያ አገርና በዚያ ዘመን ብቻ እንዳልቀረ እናንተም እኔም እናውቃለን። ለስንቶቹ ፍትሐት እንደ ደረሰ፣ ስንቶቹስ ያለ ፍትሐት እንደ ተቀበሩ እግዚአብሔር ያውቃል።

አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ይህን የምጽፈው የወደቁትን ልወቅስ አይደለም። ሰው ላይ በር የሚቆልፍ፣ የደከመበትን የሚከለክል፣ እጁን የሚያነሣ እርሱ በእግዚአብሔር ፊት ይጠየቃል፤ የተከለከለ የሠራተኛ ደመወዝ ወደ እግዚአብሔር ጆሮ እንደሚጮኽ ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ጽፏል። ደግሞም «ታገሡ» ብዬ በደልን ዝም ብላችሁ ተሸከሙ ማለቴ አይደለም። ጠላቂ ሁልጊዜ ባሕር ውስጥ አይኖርም፤ መውጣት አለበት። የምለው አትውጪ አይደለም፤ እየተነፈስሽ፣ ቀስ ብለሽ፣ ከሰው ጋር ሆነሽ ውጪ ነው። ስለዚህ ከባሕሩ ሕግ ተምረን እንዲህ እናድርግ።

አንደኛ፣ ፍርሃት በመጣ ጊዜ መጀመሪያ ተንፍሺ። በመጀመሪያዋ ደቂቃ ምንም ነገር አትወስኚ። ኪርያላይሶን እያልሽ 12 ጊዜ፣ ካልበቃሽም 41 ጊዜ ተንፍሺ። ጸሎት ነፍስን ከእስር ይፈታል፤ የተረጋጋ ልብም ከመስኮት ይልቅ በሩን ያያል።

ሁለተኛ፣ ገመድሽን የሚይዝ ሰው ይኑርሽ። የምትሠሪበትን ቤት አድራሻ፣ የሕንፃውን ስም፣ የፎቁን ቁጥር፣ የአሠሪሽን ስልክ ቢያንስ ሁለት ሰው ይወቅ። ይህን በደኅናው ቀን አድርጊው፤ ሰይብ የሚቆመው ጠላቂው ከመውረዱ በፊት ነውና። ስልክ ቢወሰድብሽ እንዳትቸገሪ የእነዚህን ሰዎች ቁጥር በቃልሽ አጥኚ።

ሦስተኛ፣ የፖሊስ ቁጥር እንደ ውዳሴ ማርያም በቃልሽ ይኑር። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች፣ በቀጠርና በባሕሬን 999፣ በኦማን 9999፣ በኩዌትና በሊባኖስ 112፣ በዮርዳኖስ 911 ነው። ስልክ ሁሉ ወዲያው መልስ ያገኛል አልልም፤ ስለዚህ ለፖሊስ ስትደውዪ ለቤተ ክርስቲያን ሰውም ደውዪ፤ ብቻሽን እንዳትቀሪ። ስልክ ከሌለሽ ጴጥሮስን አስቢ፤ ከመስኮት አትዝለዪ፣ ከመስኮት ሆነሽ ጩኺ። በሩን ደብድቢ፤ ጎረቤት ይስማ፣ ዘበኛው ይስማ። መጮኽ ነውር አይደለም።

አራተኛ፣ የፓስፖርትሽንና የውልሽን ፎቶግራፍ አንሥተሽ ለቤተሰብሽ ላኪ። በኤምሬቶች እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ ለሠራተኛዋ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት እንዲሰጣትና መታወቂያ ሰነዶችዋ በእጅዋ እንዲሆኑ ይደነግጋል። በሌሎቹም አገሮች ያለውን ከቆንስላና ከሚያውቁ ሰዎች ጠይቂ። ሕግን ማወቅ ትዕቢት አይደለም።

አምስተኛ፣ ከቆየሽና ከጠነከርሽ ለአዲሲቱ እኅት አንቺ ሰይብ ሁኚላት። በቅዳሴ መጨረሻ ላይ ብቻዋን ጥግ የቆመችውን አይተሽ አትለፊያት። ያቺ ልጅ ከእናትዋ ተለይታ በሰው አገር ዳርቻ የምትደበቅ ሕፃን ናት። ስልክ ቁጥርሽን ስጫት። በቤተ ክርስቲያን አንድ ጊዜ የተሰጠ ቁጥር ነው ያን ሌሊት ነፍስ ያተረፈው። ከወለደች በኋላ ጥላ የምትሄድ ሻርክ ናት፤ ቤተ ክርስቲያን ግን ልጆችዋን ጥላ አትሄድም፤ ከሄደችም የሄድነው እኛ ነን።

እኅታችን ለጠየቀችኝ ጥያቄ መልሴ ምን ነበር? «ልጄ፣ ኃጢአት አይደለም፤ ባሕሩንም በውስጡ ያለውንም የሠራ እግዚአብሔር ነው» አልኋት። «ደግመሽ ትወርጃለሽ?» ብዬ ብጠይቃት ማዕተብዋን ነካ አድርጋ «ያን ሕፃን ደኅና መሆኑን ለማየት ብዬ አንድ ጊዜ ወርጄአለሁ፤ አላገኘሁትም፤ ወደ ጥልቁ ሄዶ ይሆናል» አለችኝ። እኔም በልቤ፣ አድጎ ይሆናል አልሁ።

እግዚአብሔር አምላክ እስትንፋሳችሁን ይጠብቅላችሁ፤ በባዕድ አገር ያላችሁትን ሁሉ በሰላም ለእናቶቻችሁ ያብቃችሁ። የእመቤታችን ምልጃ፣ የቅዱሳን ጸሎት አይለያችሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።